ትልቁ ሴራሚክና የእኔ ሒሳብ

ለሁለት ሳምንት ድምፄ የጠፋው ታምሜ አይደለም። ቤታችን ፈርሶ ነው። የኮሪደር ልማት ደርሶን እንዳይመስላችሁ፤ የፈረሰው የራሳችን ሳሎንና ኮሪደር ነው፣ ያፈረስኩትም እኔው ነኝ።

ፎቶውን ለአንድ ሁለት ሰው ልኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ። "ቲቸር፣ 60 በ120 ሴራሚክ ለማስነጠፍ የእጅ በካሬ ስንት ይከፈላል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬ ዓመት እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስንረከበው ወለሉ ሊሾ ነበር፤ ለዓመታት ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈንበት ኖርን። ባለቤቴ ዕቁቧ ሲወጣላት፣ እኔም ያለችኝን ጨምሬበት፣ ሳሎኑንና ኮሪደሩን ትልቁን ሴራሚክ እናልብሰው ተባባልን። ሳሎኑ 26 ካሬ፣ ኮሪደሩ 6 ካሬ፤ ድምሩ 32።

ሴራሚኩን የገዛነው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ስንጨምር 35 ካሬ አለፈ። አንዱ ካርቶን ሁለት ፍሬ ይይዛል፣ 1.44 ካሬ ማለት ነው፤ ስለዚህ 25 ካርቶን ወሰድን፣ 36 ካሬ። በካሬ 2,600 ብር ሒሳብ 93,600 ብር። ማጓጓዣው 1,800። አንዱ ካርቶን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ 25ቱን ካርቶን ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ጫኝና አውራጆቹ 2,500 ብር ተቀበሉን። (ብሩ የእኔ ቤት ብር ነው። እናንተ ስትገዙ ሌላ ይሆናል፤ መጠኑን ብቻ ያዙልኝ።)

አሁን ወደ እጅ ዋጋው ልምጣ።

መጀመሪያ ያመጣሁት የቀድሞ ተማሪዬን ነው። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። የመጣው ሜትር ብቻ ይዞ አይደለም፤ ረጅም ስታጃና ውሃ ልክ ይዞ ነው። ስታጃውን ሊሾው ላይ አጋድሞ፣ የስልኩን መብራት ከኋላ አብርቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከስር አየ። እኔንም ጠራኝ። ሳሎኑ መሃል ላይ በስታጃውና በወለሉ መካከል ትንሿ ጣቴ ገባች። ለዓመታት የረገጥኩት ወለል ጎድጓዳ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ዋጋውን በሦስት ከፍሎ ነገረኝ። የማንጠፊያ እጅ በካሬ 550፣ 17,600 ብር። ወለሉን ማስተካከያ፣ ዕቃውንም ሥራውንም ጨምሮ 12,000። በአሸዋና ሲሚንቶ ሳይሆን በሴራሚክ ማጣበቂያ ስለሚሠራ ደግሞ 9 ከረጢት በ900 ብር፣ 8,100። ጠቅላላ 37,700 ብር።

እኔ ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቁጭ ብዬ አሰላሁለት። "አየህ፣ በ30 በ30 ሴራሚክ ቢሆን ለ32 ካሬ 356 ፍሬ ትደረድር ነበር። በ60 በ120 ግን 45 ፍሬ ብቻ ነው። ሥራው በስምንት እጥፍ ሲቀንስ ዋጋው እንዴት ይጨምራል?" አልኩት። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ሳቅ ብሎ፣ "ቲቸር፣ ትንሿ ሴራሚክ ወለሉን ትከተላለች። ትልቁ ግን ወለሉ እሱን እንዲከተለው ይፈልጋል" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። አልተከራከረኝም። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ። ሜትር ዘረጋ፣ አባዛ፣ "አባባ፣ 300 ይበቃኛል፤ በ3 ቀን አስረክባለሁ" አለ። 9,600 ብር። አሸዋና ሲሚንቶውን በ5,400 ገዛሁ። ጠቅላላ 15,000። ከመጀመሪያው ሰው ዋጋ ላይ 22,700 ብር አተረፍኩ ብዬ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። "እሱ ልጅ ግን ወለሉን አይቶ ነበር፣ ይሄኛው አላየም" አለች። አልሰማኋትም።

ሰውየው ባለው ቀን አስረከበ። አይዋሽም፣ ሲጨርስ ያምር ነበር። እንደ መስተዋት ያበራል፣ የመጣ ሁሉ ያደንቃል።

በሰባተኛው ወር ባለቤቴ ሳሎኑ መሃል ስትራመድ "ይሄ ነገር ድምፅ አለው" አለች። ከሳምንት በኋላ ከሶፋው እግር አጠገብ አንዱ ተሰነጠቀ። ከዚያ ሌላው። ወር ሳይሞላ አምስት ደረሱ። ያነጠፈውን ሰው ደወልኩለት፤ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነኝ አለኝ። ሳልፈልግ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለተማሪዬ ደወልኩ።

መጣ። ከኪሱ አንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ እየተንበረከከ ሁሉንም አንኳኳቸው። በደንብ የተያዘው ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶ የሆነው እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። በሚጮኸው ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረገ ሄደ። ሳሎኑ ላይ 19 ምልክት ቆጠርን። አንዱን ከጥጉ በመሮ ቀስ አድርጎ ሲያነሳው ብድግ ብሎ መጣ። ገልብጦ አሳየኝ። ጀርባው እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልያዘውም። ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ደግሞ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሎ ይታያል፣ በመሃሉ ባዶ ነው።

ያን ቀን የነገረኝን፣ በኋላም እኔ ራሴ ያነበብኩትን ባጭሩ ላስረዳችሁ። ዋጋው ለምን እንደሚጨምር የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ወለሉ። 30 በ30 የሆነው ትንሽ ስለሆነ ወለሉ ቢጎብጥም እሱም አብሮ እየጎበጠ ይሄዳል፣ ዓይን አይለየውም። 1.20 ሜትር የሚረዝም ድፍን ነገር ግን አይታጠፍም። ጉድጓድ ካገኘ ድልድይ ይሆናል፤ ጉብታ ካገኘ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፣ ጫፉም ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ እግር ይመታል። በአሜሪካ የሙያ ደረጃ አንዱ ጎኑ 38 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ሴራሚክ በሙሉ እንደ ትልቅ ይቆጠራል፤ ወለሉም በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ማለት የለበትም። ለትንንሾቹ የሚፈቀደው 6 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ሳሎን ላይ ደግሞ ጣት ገብታለች።

ሁለተኛ፣ ማጣበቂያው። ፖርስሊን የሚባለው በጣም የተጠቀጠቀ ነው፤ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ተራው የአሸዋና ሲሚንቶ ቡኮ የሚይዘው ነገሩ ውሃውን መጠጥ ሲያደርገው ነው፤ ፖርስሊን ስለማይመጥ ቡኮው ብቻውን ደርቆ ይቀራል። ለዚህ ነው ለእሱ የተሠራ ማጣበቂያ የሚያስፈልገው። እሱም በወለሉም በሴራሚኩ ጀርባም ይቀባል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው፣ ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ 95 በመቶው ጀርባ መያዝ አለበት ይላል ያው ደረጃ። እኛ ቤት አንዱ 25 ኪሎ ከረጢት 4 ካሬ ገደማ ነው የሸፈነው።

ሦስተኛ፣ ሰው። አንዱ ፍሬ 15 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንስቶ፣ አስተካክሎ፣ ጥጉን ሳይነካ ሊያስቀምጠው ይከብደዋል፤ ረዳት ያስፈልጋል። ሲቆረጥ ቢሳሳት የሚጠፋው ትንሽ ካሬ አይደለም፣ ወደ 1,900 ብር የሚጠጋ አንድ ፍሬ ነው። በግራይንደር ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሳንባ የሚጎዳ ነው። ጉልበታቸውንማ አትጠይቁኝ። ተማሪዬ ገና አርባ ሳይሞላው ከወለል ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል።

እንግዲህ 45 ፍሬ ከ356 ፍሬ ያነሰ ሥራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰላሳ ዓመት ልጆችን "ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ ወርድ ነው" እያልኩ ሳስተምር፣ ወለል ቁመትም እንዳለው ረሳሁት።

የጥገናውን ሒሳብም ልስጣችሁ። ሳሎኑ ላይ ከተነሱት 19 ውስጥ 9ኙ ሳይሰበሩ ወጡ፣ 10 ጎደለን። በእጃችን የተረፈ ሁለት ሙሉ ፍሬ ነበር። ሱቁ ሄድን። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙ ግን ለየት ብሏል፤ ምርቱ ሌላ ጊዜ የወጣ ነው። መላውን ያመጣው ተማሪዬ ነው። የኮሪደሩን አነሳ፣ 8ቱ ሙሉ ወጡ፣ እነሱን ከሁለቱ ጋር ወደ ሳሎን አስገባ፤ ለኮሪደሩ አዲሱን 5 ካርቶን ገዛን። አሁን ኮሪደራችን ከሳሎኑ ጠቆር ይላል። እንግዳ ሲመጣ "ሆን ብለን ነው" እንላለን።

ለአዲሱ 7.2 ካሬ፣ ዋጋው 3,400 ገብቶ፣ 24,480 ብር። ማፍረሻና ጥራጊ ማስወገጃ 6,000። ወለል ማስተካከያ 7,000። ማጣበቂያ 5 ከረጢት 4,500። እጅ 12,000። ድምር 53,980 ብር። ያተረፍኩትን 22,700 ስቀንስበት፣ ጥበቤ ያስከፈለኝ 31,280 ብር ነው። ሁለት ሳምንት ዕቃችን ጎረቤት ቤትና ደረጃ ላይ ተበትኖ መክረሙን ሳልቆጥር።

ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቅኩት። "ያን ጊዜ ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም?"

"ቲቸር፣ ብናገር ዋጋ ለማስጨመር ነው የሚሉ መሰለኝ" አለኝ።

እውነቱን ነው። እንደዚያ እል ነበር።

እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህች መልስ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ምን እንደመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሱቅ ገብተን ሴራሚኩን "ቀንስ" ብንለው ሻጩ ዞር ብሎም አያየን። የመኪናው ዋጋ ቁርጥ ነው። ጫኝና አውራጅ ጋ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ታዲያ ጉልበታችንን የምናሳየው ማን ላይ ነው? በመጨረሻ በራችንን የሚያንኳኳው፣ ውሃ ልክ የያዘው ልጅ ላይ። ከዕቃው መቀነስ ስላልቻልን ከሰው እንቀንሳለን። እሱ ደግሞ ከየት ይቀንስ? በ300 ብር የተዋዋለው ሰው ወለል የማስተካከያ ቀን የለውም። ማጣበቂያ ግዛ ቢለኝ እንደምጮህበት ያውቃል። በ3 ቀን ካልወጣ ለቀን ሠራተኛው ከፍሎ ለራሱ የሚተርፈው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እኔው አስሮጥኩት፣ ቤቴ ተፈታ። ስለዚህ ያን ሰው ብቻ መውቀስ አልችልም።

"ባለሙያዎቹስ ቅድሚያ በልተው የሚጠፉ የሉም?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሉ፣ ብዙ። ግን መፍትሔው ሁሉንም እስከ መጨረሻ መጭመቅ አይደለም፤ የተጨመቀው ሁሉ አጭበርባሪውን ይመስላል፣ ጥሩው ደግሞ እንደ ተማሪዬ ዝም ብሎ ይሄዳል። መፍትሔው ክፍያውን ሥራው ላይ ማሰር ነው።

ለጠየቃችሁኝ ምላሼ እንግዲህ ይኸው፦

"በካሬ ስንት?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ወለሉን እየው፣ ምን ያስፈልገዋል?" በሉ። ስታጃ ሳያጋድም ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው በትሕትና ሸኙት።

ዋጋውን ከፋፍላችሁ ጠይቁ፦ ወለል ማስተካከያ፣ ማጣበቂያ፣ ማንጠፊያ፣ ዞኮሎ፣ የክፍተቱ መሙያ፣ ጥራጊ ማስወገጃ። በሮቻችሁንም አስቡ፤ ወለሉ ከፍ ሲል በሩ ከስር መቆረጡ አይቀርም።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉ። ወለሉ ተስተካክሎ በስታጃ አብራችሁ ካያችሁ በኋላ አንድ፣ ግማሽ ሲነጠፍ አንድ፣ አልቆ በሳንቲም አንኳኩታችሁ ስትረከቡ የመጨረሻው። መጀመሪያ ቀን አንዱን ፍሬ ገና ሳይደርቅ አስነሱና ጀርባውን እዩ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ሴራሚኩን በአንድ ጊዜ ግዙ። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የምርትና የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አንድ ካርቶን ከአልጋ ስር ይቀመጥ። አደራደሩ እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ አይሁን፤ ረጃጅሞቹ ሲመረቱ ጥቂት ስለሚጎብጡ፣ የአንዱ መሃል ከሌላው ጫፍ ጋር ሲገጥም ከፍና ዝቅ ይላል። ከሲሶ በላይ ባይዛነፍ ይመከራል።

ይህን ሁሉ የሚሸፍን አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ትልቁን ተዉት። 40 በ40 ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በደንብ የተነጠፈ፣ ልጅ ልጆቻችሁ ይረግጡታል። ሻወር ቤትማ ጭራሽ ትንሿ ናት የምትሻለው፤ ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲወርድ ወለሉ ማዘንበል አለበት፣ ትልቁ አያዘነብልም። ለእኔም ማንም ትልቁን ግዛ አላለኝም። ያየሁት ሰው ሳሎን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህ ለተማሪዎቼ ነው። ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ሳትሠሩ ስትመጡ ምን እል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። "ካልተማራችሁ ሲሚንቶ ታቦካላችሁ።" ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ያ ልጅ በሦስተኛው መስመር መስኮት አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ሳሎኔ ውስጥ ተንበርክኮ፣ በእርሳስ ወለሉ ላይ ሲያሰላ አየሁት፤ 32ን በ0.72 በቃሉ አካፈለ። ንግግሬን ያስታውሰው እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አፈርኩ። እዚህ ግን ልበለው፣ ሊያነበው ይችላል፦ ይቅርታ አድርግልኝ። ሌሎቻችሁም።

ቤቱ አሁን ጥሩ ሆኗል። ትናንት ማታ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሳሎኑን እያቋረጠች ስኒ ስታመጣ እግሯን ሳዳምጥ ነበር። ድምፅ የለውም።

ያስነጠፋችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን፤ በሙያው ያላችሁ ደግሞ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። ቸር ሰንብቱ።